አድ ብሎከር፣ የድሬው ዩቲዩበርና የቶሮንቶው ላፕቶፕ

ድሬ ላይ ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች ሲገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ ገንዘብ ላይ ነው የሚያርፈው። «ሰው ማስታወቂያውን ዘግቶ ነው እኮ የሚያየን» ይላል አንዱ። ሌላው «አቦ ተወና፣ አንተስ ዘግተህ አይደል የምታየው?» ብሎ ያስቀዋል። ቀልዱ ጥሩ ነው። ግን በአድ ብሎከር (ማስታወቂያ በሚያስቀር ፕሮግራም) ማን ሲዘጋ ማን እንደሚጎዳ፣ ገንዘቡ በየት መጥቶ በየት እንደሚቀር ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ የለም። የሚወራው አብዛኛው ነገር ደግሞ ከፈረንጅ ቪዲዮ የተሰማ ስለሆነ ለኛ ሁኔታ ልክ አይመጣም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንሂድበት።

መልሱን ግን ቀድሜ ልንገራችሁ። ድሬ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ በስልኩ የሚያያችሁ ልጅ ማስታወቂያ ዘጋም አልዘጋም፣ ገቢያችሁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ቶሮንቶ ወይም ዋሽንግተን ከሥራ ገብቶ ላፕቶፑን የሚከፍተው የአክስታችሁ ልጅ ግን ያመጣል፣ ያውም ብዙ። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ማስታወቂያ እንዴት እንደሚሸጥ ማየት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚመስለው አንድ ድርጅት መጥቶ «በዚህ ቻናል ላይ አስተዋውቁልኝ» ብሎ ለጉግል የሚከፍል ነው። አንዳንዴ እንደዚያ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚሸጠው ቻናሉ ሳይሆን ተመልካቹ ነው። አንድ ሰው ቪዲዮ ሲከፍት፣ ቪዲዮው ገና ሳይጀምር፣ ዓይን እስኪጨፈን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ጨረታ ይካሄዳል። ሰውየው የት አገር ነው ያለው? በምን እያየ ነው? ከዚህ በፊት ምን ሲፈልግ ነበር? አስተዋዋቂዎች ይሄን ሁሉ አይተው (እነሱ ሳይሆኑ ኮምፒውተራቸው) ዋጋ ይሰጣሉ፣ ያሸነፈው ማስታወቂያውን ያሳያል። አወዳይ ጫት ተራ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። ከአንድ ማሳ የተቆረጠ ጫት እዚሁ የሚቀረውና ድንበር የሚሻገረው ዋጋው አንድ አይደለም፤ ጫቱ ያው ነው፣ ዋጋውን የሚወስነው የሚደርስበት ቦታ ነው። የናንተም ቪዲዮ ያው አንድ ቪዲዮ ነው። ድሬ ሳቢያን ሰፈር ሲከፈትና አሜሪካ ሚኒሶታ ሲከፈት ግን የሚያመጣው ገንዘብ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፣ ምክንያቱም እዚያ ያለውን ሰው የሚፈልጉት የመኪና ኢንሹራንስ ሻጮችና ባንኮች እርስ በርስ እየተሻሙ ዋጋ ይሰቅላሉ፣ እዚህ ያለውን የሚሻማበት አስተዋዋቂ ግን ጥቂት ነው።

ጨረታው ካለቀ በኋላ ክፍፍል ይመጣል። ዩቲዩብ ረጅም ቪዲዮ ላይ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለቪዲዮው ባለቤት ይሰጣል፣ 45 በመቶውን ለራሱ ይወስዳል። ሾርትስ (አጫጭሮቹ ቪዲዮዎች) ላይ ይገለበጣል፤ ለናንተ ከተመደበው ድርሻ 45 በመቶው ነው የሚደርሳችሁ። ዌብሳይት ያላችሁ ደግሞ በጉግል አድሴንስ በኩል ማስታወቂያ ካሰቀላችሁ አስተዋዋቂው ከከፈለው 68 በመቶ አካባቢ ይደርሳችኋል። በነገራችን ላይ «ዩቲዩብ ግማሹን በላብኝ» የሚለው ምሬት አዲስ አይደለም፣ ክፍፍሉም ምስጢር አይደለም። ውሉ ላይ ተጽፏል፣ የሚያነበው ሰው ነው የጠፋው።

አሁን አድ ብሎከር የቱ ጋ ነው የሚገባው?

ብሮውዘር (ክሮምን የመሰለ ዌብሳይት መክፈቻ) አንድ ገጽ ሲከፍት አንድ ነገር ብቻ አይደለም የሚያወርደው። ጽሑፉን ከአንድ ቦታ፣ ፎቶውን ከሌላ፣ ማስታወቂያውን ከሦስተኛ፣ እናንተን የሚቆጥረውንና የሚከታተለውን ኮድ ከአራተኛና ከአምስተኛ ቦታ እየጠየቀ ያመጣል። አድ ብሎከር በጣም ረጅም የስም ዝርዝር የያዘ ፕሮግራም ነው። ከእነዚህ ዝርዝሮች ታዋቂው ኢዚሊስት ይባላል፣ ከ2005 ጀምሮ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በፈቃደኞች ሲዘመን የኖረ ነው። ብሮውዘሩ ሊጠይቅ የሄደበት አድራሻ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ አድ ብሎከሩ ጥያቄው እንዳይወጣ ያስቀራል። ገጹ ላይ ባዶ ቦታ ከቀረም እሱንም ይደብቀዋል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነጥብ። ጥያቄው ካልወጣ ጨረታው አልተካሄደም። ጨረታው ካልተካሄደ ማንም ለማንም አልከፈለም። «ሰው ሲዘጋብኝ ከአካውንቴ ይቆረጥብኛል» የሚል ሰው ሰምቼ አውቃለሁ፤ አይቆረጥም። የነበረ ገንዘብ አይወሰድም፣ ሊመጣ የነበረ ገንዘብ ሳይመጣ ይቀራል። አስተዋዋቂው ደግሞ አልከሰረም፣ ያንን ገንዘብ ሌላ ቪዲዮ ላይ ሌላ ሰው ፊት ያጠፋዋል። ዩቲዩብ ይጎዳል፣ ምክንያቱም ቪዲዮውን ለማሳየት ሰርቨርና መስመር አውጥቷል፣ ያስገባው ግን የለም። እናንተም ትጎዳላችሁ፣ ድካማችሁ ታይቷል፣ ዋጋው ግን ዜሮ ነው።

የኛ አገር ሁኔታ የሚለየው እዚህ ነው። ድሬም ሆነ ሐረር ሰው ኢንተርኔት የሚያየው በስልክ ነው፣ ዩቲዩብ የሚያየው ደግሞ በራሱ በዩቲዩብ አፕ። አድ ብሎከር የሚባለው ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አፑ ውስጥ አይገባም። አንድሮይድ ላይ ያለው ክሮምም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ፋየርፎክስ ይቀበላል፣ ኦፔራ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የራሱን ማስታወቂያ መዝጊያ ይዞ ይመጣል፣ ብሬቭም ሲሠራ ጀምሮ ለዚሁ የተሠራ ነው። ስለዚህ ዌብሳይት ላይ የሚጽፍ ሰው ከአገር ውስጥም የሚዘጋበት አንባቢ ይኖረዋል። ዩቲዩብ ላይ ግን አብዛኛው የአገር ውስጥ ተመልካች፣ ወዶም ይሁን ሳያውቅ፣ ማስታወቂያው የሚመጣለት ነው።

አንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚል ቦታ አለ፣ ከአንድሮይድ 9 ወዲህ። እዚያ የማስታወቂያ መዝጊያ ድርጅት አድራሻ ብትጽፉ ብዙ ጌሞችና ዌብሳይቶች ላይ ማስታወቂያ ይጠፋል። ዩቲዩብ ላይ ግን አይጠፋም። ለምን ቢባል ይሄኛው ዘዴ የሚያየው አድራሻውን ብቻ ነው፣ ዩቲዩብ ደግሞ ማስታወቂያውንም ቪዲዮውንም ከአንድ ዓይነት አድራሻ ነው የሚልከው። አንዱን ብትዘጋው ሌላውም ይዘጋል። «ሞከርኩት፣ ለጌሙ ሠራ ለዩቲዩብ እምቢ አለኝ» የምትሉት ለዚህ ነው።

የሚቀረው ከየስልክ ቤቱና ከቴሌግራም የሚጫነው የተነካካው አፕ ነው። ዩቲዩብ ይመስላል፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ስክሪኑን አጥፍቶም ያዘፍናል። በጣም ታዋቂ የነበረው ቫንስድ የሚባለው በ2022 መጋቢት አካባቢ ተዘግቷል፣ ተተኪዎቹ ግን አሉ። ስለ ገቢ ሳይሆን ስለራሳችሁ አንድ ነገር ልበል። ምንጩን የማታውቁትን አፕ ከቴሌግራም አውርዳችሁ በጂሜይላችሁ ስትገቡበት፣ ያ ጂሜይል የቴሌብር ስልካችሁም፣ የባንክ መልእክታችሁም፣ የልጆቻችሁ ፎቶም ያለበት ስልክ ላይ መሆኑን አስቡ። አምስት ሰከንድ ማስታወቂያ ለማምለጥ በጣም ውድ ሊሆን ይችላል።

እሺ፣ ሂሳቡን እንሥራው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ከራሴ ያመጣኋቸው ናቸው፣ የማንም ቻናል ገቢ አይደሉም። እንበልና አንድ የድሬ ልጅ ቪዲዮ 100,000 ጊዜ ታየ። 70,000ው ከኢትዮጵያ፣ 30,000ው ከሰሜን አሜሪካ። ከኢትዮጵያ ለአንድ ሺህ እይታ 30 ሳንቲም የአሜሪካ፣ ከሰሜን አሜሪካ ለአንድ ሺህ 4 ዶላር ደረሰው እንበል። ከአገር ቤት 21 ዶላር፣ ከውጭ 120 ዶላር፣ ድምሩ 141 ዶላር ነው። አሁን ከአገር ቤት ተመልካች ሩቡ አድ ብሎከር ቢጭን ከ21 ዶላሩ 5 ዶላር ከሩብ ይጎድላል። ከውጭው ተመልካች ሩቡ ቢጭን ግን 30 ዶላር ይጎድላል። ያውም የውጪው ተመልካች ቁጥር ከአገር ቤቱ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ለዚህ ነው ልጁ እዚሁ ድሬ ገንደ ቆሬ ላይ ያለውን ተመልካች «ማስታወቂያ አትዝጉብኝ» እያለ መለመኑ አቅጣጫ የሳተ የሚሆነው።

ዲያስፖራው ደግሞ የመዝጋት ዕድሉ ሰፊ ነው። ላፕቶፕና ዴስክቶፕ የሚጠቀመው እሱ ነው፣ ኤክስቴንሽን መጫን ሁለት ክሊክ ነው፣ የሥራ ባልደረባው ሁሉ ጭኖታል። ይሄ እንግዲህ እንደ ይዘቱም ይለያያል። ስለ ስልክና ኮምፒውተር የሚሠራ፣ ጌም የሚያሳይ ቻናል ተመልካቹ ቴክኖሎጂ ስለሚገባው ከሌላው የበለጠ ይዘጋበታል። መንዙማ፣ መዝሙር፣ የምግብ አሠራር የሚያቀርብ ቻናል ተመልካቹ እናቶች ናቸው፣ ሳሎን ቴሌቪዥን ላይ ወይም ስልክ ላይ ነው የሚያዩት፣ አድ ብሎከር የሚባል ነገር መኖሩንም ላያውቁ ይችላሉ። ሐረር ላይ የጅብ ማብላቱንና የጀጎልን መንገዶች በእንግሊዝኛ የሚያቀርብ ሰው ደግሞ ተመልካቹ ከአውሮፓና አሜሪካ ሊመጣ ያሰበ፣ በላፕቶፕ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ነው። ዋጋው ከፍ ያለ፣ የሚዘጋውም ብዙ።

ስለ ስኪፕም እናውራ፣ ብዙ ሰው የተሳሳተ ነገር ስለሚያምን። «አድ ብሎከር የለኝም፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ስኪፕ ነው የማደርገው፣ ስለዚህ ረድቻቸዋለሁ» የሚል አለ። ሁልጊዜ አይደለም። ከአምስት ሰከንድ በኋላ ስኪፕ የሚደረገው ማስታወቂያ በብዛት አስተዋዋቂው የሚከፍልበት ተመልካቹ 30 ሰከንድ ካየ፣ ወይም ማስታወቂያው ከዚያ ካጠረ እስከመጨረሻው ካየ፣ ወይም ከነካው ነው። በአምስተኛው ሰከንድ ካለፋችሁት አስተዋዋቂው በነፃ ታየ ማለት ነው። ስኪፕ የማይደረጉት፣ ለምሳሌ ስድስት ሰከንድ የሚቆዩት አጫጭሮቹ፣ በመታየታቸው ብቻ ይከፈልባቸዋል። ስለዚህ ለገቢው ሲባል፣ ሁልጊዜ ጣቱን ስኪፕ ላይ አድርጎ የሚጠብቅ ሰውና አድ ብሎከር የጫነ ሰው የሚመስለንን ያህል አይራራቁም። ይሄን ስነግራቸው የሚናደዱ ልጆች አሉ፤ አሠራሩ ግን እንዲህ ነው።

በ2025 ነሐሴ አካባቢ ደግሞ አንድ እንግዳ ነገር ተፈጠረ። ብዙ ትልልቅ የእንግሊዝኛ ቻናሎች ከኮምፒውተር የሚመጣው እይታ በድንገት ወረደባቸው። ከስልክና ከቴሌቪዥን የሚመጣው ግን ባለበት ነበር። ሁሉም ደነገጠ፣ ዩቲዩብ አልጎሪዝም ቀየረ ተባለ። በኋላ የተገኘው ምክንያት አድ ብሎከሮቹ የሚጠቀሙባቸው ዝርዝሮች እይታ የሚቆጥረውን ጥያቄ ጭምር መዝጋት መጀመራቸው ነበር። ዩቲዩብም አድ ብሎከር የሚጠቀሙ ተመልካቾች የእይታ ቁጥርን ትክክለኛነት ሊያዛቡ እንደሚችሉ ተናገረ። የሚገርመው እይታው ሲወርድ ገቢው አብሮ አለመውረዱ ነው። ለምን ይወርዳል? እነዚያ ሰዎች ድሮም ማስታወቂያ አያዩም ነበር፣ ከነሱ የሚመጣ ገንዘብ አልነበረም። ከቁጥሩ ወጡ እንጂ ከገንዘቡ አልወጡም።

ይሄ ለድሬ ልጅ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ያገባዋል፣ በስፖንሰር በኩል። እኛ ጋ ብዙው ቻናል የሚኖረው ከዩቲዩብ በሚመጣ ዶላር ሳይሆን ከአካባቢው ነጋዴ በሚገኝ ብር ነው። የፈርኒቸር ቤት፣ ሆቴል፣ የቤት አልሚ፣ የልብስ ሱቅ። ነጋዴው ስለ አርፒኤም (ከሺህ እይታ ስለሚደርሳችሁ ገንዘብ) አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። የሚጠይቀው «ስንት ሰው ያየዋል?» ነው። ስለዚህ እይታ የሚያጎድል ነገር ሁሉ የመደራደሪያ ዋጋችሁን ያጎድላል፣ ዩቲዩብ የሚከፍላችሁ ባይቀንስም። ስፖንሰሩ ገንዘብ ልኮ አገር ቤት ቤት እንዲገዛ የሚፈልገው ዲያስፖራውን ከሆነ ደግሞ፣ ያ በላፕቶፕ የሚያየው ሰው ከቁጥሩ የወጣው እሱው ነው። ለነጋዴው ቁጥር ስታሳዩ እይታ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰው ደወለ፣ ስንት ሰው በቴሌግራም ጻፈ የሚለውን መዝግባችሁ ብታሳዩ ይሻላል።

በአፋችሁ የምትናገሩትን የስፖንሰር መልእክት ተራ አድ ብሎከር አይዘጋውም፣ የቪዲዮው አካል ስለሆነ ለይቶ አያውቀውም። ስፖንሰርብሎክ የሚባል ሌላ ኤክስቴንሽን አለ፣ ያንንም ይዘላል፣ ግን የሚሠራው ተጠቃሚዎች ራሳቸው «ከዚህ እስከዚህ ማስታወቂያ ነው» ብለው ምልክት ያደረጉበት ቪዲዮ ላይ ነው። ለአማርኛ ቪዲዮ ይሄ ጊዜ አጥፍቶ የሚያደርግ ሰው ይፈልጋል።

የተመልካቹንም ወገን እንስማ፣ ምክንያቱም ክሪኤተር ሲያማርር የሚረሳው እሱን ነው።

እዚህ አገር ዳታ በገንዘብ ነው። ሳፋሪኮም ሲገባ ሙከራውን የጀመረው እኛው ድሬዳዋ ነው፣ በ2022 ነሐሴ በፈረንጅ፣ ከአዲስ አበባም በፊት። ሁለተኛ ኔትዎርክ መጣ፣ ፓኬጅ ለማማረጥ ቻልን፣ ጥሩ። ግን አሁንም ብዙ ሰው የሚገዛው የቀን ወይም የሳምንት ፓኬጅ ነው። ማስታወቂያ ቪዲዮ ነው፣ ሜጋባይት ይበላል፣ ያንን ሜጋባይት የሚከፍለው አስተዋዋቂው ሳይሆን ተመልካቹ ነው። አሜሪካ ያለው ሰው በወር አንዴ የሚከፍለው ያልተገደበ ዋይፋይ ላይ ነው የሚያየው፤ ለሱ ማስታወቂያ ጊዜውን ነው የሚወስድበት። ለኛ ግን ጊዜም ብርም ነው። በዚህ ላይ የሚመጣው ማስታወቂያ ዓይነት አለ። ቤተሰብ ተሰብስቦ ቁጭ ባለበት የቁማር ማስታወቂያ፣ ወይም ዓይን የሚያስደፋ ነገር ሲመጣ አባት ሪሞት ፍለጋ ሲራወጥ ያላየ ማን አለ? አንዳንድ የዜና ዌብሳይትማ አንድ አንቀጽ ለማንበብ ሦስት ጊዜ መስኮት መዝጋት ነው፣ አንዷ «ዝጋ» የምትለዋ ምልክት ራሷ ማስታወቂያ ትሆናለች።

የደኅንነቱም ነገር ቀልድ አይደለም። በ2022 ታኅሣሥ በፈረንጅ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ራሱ ሕዝቡን ሲመክር፣ ሌቦች በፍለጋ ውጤት ላይ የሐሰት ማስታወቂያ እየገዙ ሰውን ወደ ተጭበረበረ ገጽ ስለሚመሩ አድ ብሎከር ተጠቀሙ ብሏል። ፖሊስ ተጠቀሙ ያለውን ነገር የሚጠቀም ሰው ሌባ ነው ማለት ይከብዳል። በዚያው ዓመት ሊነስ ሴባስቲያን የሚባለው ታዋቂው የካናዳ የቴክኖሎጂ ዩቲዩበር አድ ብሎከር ከቅጂ ስርቆት አይለይም ብሎ ጽፎ ኢንተርኔቱ ተናውጦበት ነበር። እኔ ከሁለቱም ጫፍ አልቆምም። ተመልካች ስልኩ ላይ የሚወርደውን የመምረጥ መብት አለው፣ ምርጫው ግን ለሚወደው ሰው ዋጋ እንደሚያሳጣው ቢያውቅ አይከፋም። አብዛኛው ሰው የሚዘጋው በክፋት ሳይሆን አንዴ ጭኖት ስለረሳው ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ለሚፈልግ፦ የመጀመሪያውን አድብሎክ በ2002 የጻፈው ሄንሪክ ሶረንሰን የሚባል ዴንማርካዊ ነው። በ2006 ቭላዲሚር ፓላንት አድብሎክ ፕላስን አወጣ፣ በ2011 ደግሞ ኩባንያ ተመሠረተለት፣ አይዮ ይባላል፣ ኮሎኝ ጀርመን። ይሄ ኩባንያ «ተቀባይነት ያላቸው ማስታወቂያዎች» የሚል ነገር አመጣ፤ የማይጮሁ የማይረብሹ ማስታወቂያዎች እንዲያልፉ ይፈቅዳል፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ግን ለማለፍ ይከፍላሉ። መጀመሪያ በሩን ዘግተህ ከዚያ ለመክፈት ገንዘብ መቀበል... ለኔ ደስ አይልም። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ2018 የአሳታሚውን የአክስል ሽፕሪንገርን ክስ ውድቅ አድርጎ ሥራው ሕጋዊ ነው ብሏል። በሌላ በኩል በ2014 ዩብሎክ ኦሪጅንን የጀመረው ሬይመንድ ሂል ከማንም ልገሳ እንኳን አልቀበልም ያለ ሰው ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም።

ዩቲዩብም ዝም አላለም። ከ2023 ጀምሮ አድ ብሎከር ያለበትን ኮምፒውተር እየለየ «ሦስት ቪዲዮ አይተህ ይቆማል» የሚል ማስጠንቀቂያ ማሳየት ጀመረ። ክሮምም ከ2024 ወዲህ የኤክስቴንሽን አሠራሩን ቀይሮ የድሮውን ዩብሎክ ኦሪጅን ከጥቅም ውጭ አደረገው፣ ቀለል ያለው ዓይነት ብቻ ነው የሚሠራው። ሰው ወደ ፋየርፎክስና ብሬቭ ሄደ። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ሲከፍት ይሄ ነገር መቋጫ ያለው አይመስለኝም፣ ስለዚህ «ዩቲዩብ አንድ ቀን ያጠፋልናል» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ታዲያ የሚሠራ ሰው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ጉዳቱን መለካት። ዩቲዩብ «ይሄን ያህል ሰው ዘግቶባችኋል» ብሎ አይነግራችሁም። ግን ዩቲዩብ ስቱዲዮ (ቻናላችሁን የምታስተዳድሩበት ገጽ) ውስጥ ከእይታ ሌላ «ማስታወቂያ የታየባቸው እይታዎች ግምት» የሚል ቁጥር አለ፣ በአገር ከፋፍሎ ያሳያል። የካናዳን እይታና ማስታወቂያ የታየበትን አስተያዩት። ልዩነቱ በሙሉ አድ ብሎከር አይደለም፣ ጨረታ ላይ ገዢ ያልተገኘለትም፣ ዩቲዩብ ፕሪሚየም (ያለ ማስታወቂያ ማያውን) ከፍሎ የሚያይም አለበት። ቢሆንም በየወሩ ብትከታተሉት አቅጣጫውን ያሳያል። ፕሪሚየም ከፍሎ የሚያየው ሰው በነገራችን ላይ ምርጡ ተመልካች ነው፤ ማስታወቂያ አያይም፣ ከሚከፍለው ውስጥ ለቪዲዮ ሠሪዎች ከሚመደበው ድርሻ ባየው ሰዓት ልክ ይደርሳችኋል።

ከዚያ ልመናውን ትክክለኛው ሰው ጋ ማድረስ። «ማስታወቂያ አትዝጉ» ብሎ ለሁሉም ከመጮህ ይልቅ፣ ውጭ አገር በኮምፒውተር የምታዩን ካላችሁ ለኛ ቻናል ብቻ ክፈቱልን ማለት ነው። አንዳንዱ አድ ብሎከር ለአንድ ቻናል ብቻ ለይቶ መፍቀድ ይችላል፣ ሌላው ለዌብሳይቱ በሙሉ ነው የሚፈቅደው። ይሄን በ20 ሰከንድ ስክሪን ላይ ብታሳዩ ከአስር ደቂቃ ምሬት ይሻላል። የአክስታችሁ ልጅ ጋ በቀጥታ መደወልም ይቻላል፣ ወሪያ፣ ምን ችግር አለው?

ሌላ መንገድም መያዝ አለባችሁ። ቴሌግራም ከ2024 መጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ከ1,000 በላይ ተከታይ ላላቸው ቻናሎች ከማስታወቂያ ገቢው 50 በመቶ ያካፍላል፣ ክፍያው ቶን በሚባለው ክሪፕቶ ነው። እኛ አገር ሰው ቴሌግራም ላይ ነው የሚውለው፣ አድ ብሎከርም ብዙ አይደርስበትም። ገቢው ትልቅ ነው ብዬ አላስጎመጅም፤ ግን ሥራችሁን አንድ በር ላይ ብቻ አትደርድሩት።

በመጨረሻ ብዙ ልጆች አድ ብሎከርን ሲራገሙ የሚረሱት አንድ ነገር አለ፦ የታክስ ቅጹን። ከ2021 ሰኔ ጀምሮ ጉግል አሜሪካ ካለ ተመልካች ከሚገኘው ገቢ ላይ የአሜሪካን ታክስ ይቀንሳል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌላት ቅናሽ የለም፣ 30 በመቶ ነው። ይሄ ግን የሚቆረጠው ከአሜሪካው ተመልካች ገቢ ላይ ብቻ ነው። ቅጹን ሳይሞላ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን ከመላው ዓለም ካገኘው እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል፣ ከአገር ቤቱም ከአረብ አገሩም ጭምር። ሳዑዲና ዱባይ ብዙ ተመልካች ያለው የድሬ ቻናል በዚህ የሚያጣው ከአድ ብሎከር ሊበልጥ ይችላል። አድሴንስ ውስጥ ክፍያ የሚለው ጋ ገብታችሁ የታክስ መረጃ የሚለውን ክፈቱ፣ ስማችሁን ባንክ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ሙሉት፤ ገቢያችሁ 100 ዶላር ሞልቶ መከፈል ከመጀመሩ በፊት ቢሆን ይመረጣል።